የሕዝብ ወንበር መሸሸጊያ አይሁን

በሕዝብ ተመራጮች ላይ ስለሚቀርብ የጾታዊ ጥቃት አቤቱታ የፓርቲያችን አቋም



ይህን ገጽ ከማኒፌስቷችን እንድናወጣው የመከሩን ወዳጆች ነበሩ። «ሕዝቡ በጤፍና በዘይት ዋጋ ተቃጥሏል፣ ሰላም አጥቶ ተጨንቋል፤ እናንተ ደግሞ የመኝታ ቤት ወሬ ልታወሩለት ነው?» አሉን። ሌሎች ደግሞ «መራጩ አማኝ ነው፣ ያፍርባችኋል» አሉ። በቅንነት እንደመከሩን አንጠራጠርም። ገጹን ግን አላወጣነውም። የሕዝብን ሥልጣን የያዘ ሰው በዚያው ሥልጣን ተመክቶ የሴት ገላ ሲጠይቅ ጉዳዩ የመንግሥት ጉዳይ ሆኗል ብለን ስለምናምን ነው።

በቅስቀሳው ሰሞን ዘጌ አፋፍ ላይ ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት ቡና ቸርቻሪ እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉን። እኛ የሄድነው ስለ ኑሮ ውድነት ልንነግራቸው ነበር፤ የነገሩን ግን እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ትምህርቷን ጨርሳ ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታለች፤ ሼድ ለማግኘት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ደብዳቤው እንዲጻፍ አንድ ቃል መናገር የሚበቃው ሰው ሕዝብ መርጦ ያስቀመጠው ነው። ሦስት ጊዜ አመላለሳት። በአራተኛው «ይሄ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ አያልቅም፤ ባሕር ዳር ስትመጪ ማታ ደውዪልኝ» አላት። ልጅቱ አልደወለችም፤ ደብዳቤውም አልተጻፈም። ዛሬ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጌሾ ትሸጣለች። «ለማን አቤት ልበል?» አሉን እናትየዋ። «አቤት የምለው ለባልደረቦቹ ነው።»

የሰውየውን ስም ነግረውናል፤ እዚህ አንጽፈውም። ሰው በፓምፍሌት አይፈረድበትም፤ እኛም ዳኞች አይደለንም። የእናትየዋ ጥያቄ ግን ከአፋፍ እስከ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር እስከ አራት ኪሎ መልስ የሚሰጠው በር አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ በር ነው።

በጣና ላይ ሴት የማይገባበት ገዳም እንዳለ የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም። ክብራን ገብርኤል ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ታንኳው ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚታለልም የሚደፈርም የለም። የመንግሥት ቢሮ ግን በሕግ ለሁሉም የተከፈተ ነው። እናት ልጇን «ብቻሽን እንዳትገቢ» ብላ የምትመክርበት ቢሮ ካለ ግን፣ ያ ቢሮ ማንም ሳያውጅ ለሴት ተዘግቷል ማለት ነው። ሥርዓት የሌለው ክልከላ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንሂድ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝና በወንጀል እንደማይከሰስ ይደነግጋል። ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትም አንቀጽ 63 ይህንኑ ከለላ ይሰጣል፤ የክልላችን ሕገ መንግሥትም ለክልሉ ምክር ቤት አባላት እንዲሁ። ከለላውን በመርህ ደረጃ አንቃወምም። ተቃዋሚ ሆነን እንዴት እንቃወመዋለን? አስፈጻሚው አካል ያልወደደውን ተወካይ በሌሊት ከቤቱ እንዳይወስደው የተሠራ አጥር ነው፤ አጥሩ ቢከበር ኖሮ ከማንም በፊት ተጠቃሚዎቹ እኛው በሆንን ነበር።

ነገር ግን «እጅ ከፍንጅ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ኪስ አውላቂ ገበያ መሐል እጅ ከፍንጅ ይያዛል። በተዘጋ በር፣ በምሽት ስልክ፣ በመስክ ጉዞ ላይ በሆቴል ክፍል የሚፈጸመውን ግፍ ግን ማን እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል? ምስክሯ ራሷ ናት፤ ማስረጃዋም ገላዋና ቃሏ ነው። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ወንጀል ያ «በስተቀር» የሚለው ቀዳዳ በተግባር የለም፤ የቀረው መንገድ የምክር ቤቱ ፈቃድ ብቻ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው ምክር ቤትስ ምን ይመስል ነበር? በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ። በ2007 ዓ.ም. ሁለቱም ቀርተው 547ቱንም ያዙ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ምርጫ መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩ የአንድ ፓርቲ ሆኑ። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ የተከሳሹ ፓርቲ መርማሪ፣ አቃቤ ሕግና ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። አንድም የምክር ቤት አባል ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ጓደኛን አሳልፎ ለመስጠት እጅ ማውጣት ለደግ ሰውም ይከብዳል። እኛም በብዙኃን ብንመረጥ ይከብደናል፤ ስለዚህ ነው አሠራሩ ከእኛም እጅ እንዲወጣ የምንፈልገው።

ፈቃድ መስጠት ያቅታቸዋል እንዳይባል ደግሞ፣ ሲፈልጉ ይፈጥናሉ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ምክር ቤት አንገባም ያሉትን የቅንጅት ተመራጮች ያለመከሰስ መብት ለማንሣት አዲሱ ምክር ቤት ወንበሩ እስኪሞቅ እንኳ አልጠበቀም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ ከክልላችን የተመረጡት አቶ ክርስቲያን ታደለ መጀመሪያ ተያዙ፤ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ከወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ተገለበጠ። ለተቃዋሚ ሲሆን በአንድ ሌሊት የሚፈርስ አጥር፣ አንዲት ጸሐፊ አቤት ስትል የድንጋይ ካብ የሚሆንበት ምክንያት ሕግ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ቀዳዳ እናሳያችሁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን ከባድ ቅጣት ከሚያስከትሉ የዲስፕሊን ጥፋቶች አንዱ አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ በግል ድርጅት ውስጥ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። ደግ ተደርጓል፤ ተቃዋሚ ስለሆንን ደግ የሆነውን ክፉ አንልም። ነገር ግን የ2010ሩ አዋጅ «የመንግሥት ሠራተኛ» ማለት ማን እንደሆነ ሲተረጉም ሚኒስትር ዴኤታዎችንና ከዚያ በላይ ያሉትን ሹማምንት፣ እንዲሁም የሁለቱን ምክር ቤቶች አባላት ከትርጉሙ አውጥቷቸዋል። በኋላ የመጣውም ያው የሠራተኛ ሕግ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ተመልከቱ። የምክር ቤቱ ሾፌር ጸሐፊዋን ቢተነኩስ የዲስፕሊን ኮሚቴ ይጠራዋል፤ ደመወዙ ይቀጣል፣ ከሥራ ይባረራል። ሾፌሩ የሚነዳው የተከበሩ አባል ያንኑ ቢያደርግ ሠራተኛ ስላልሆነ የሠራተኛ ሕግ አይነካውም፤ ተመራጭ ስለሆነ ደግሞ ያለ ባልደረቦቹ ፈቃድ የወንጀል ሕግ አይነካውም። ሥልጣኑ ከፍ ባለ ቁጥር ሕጉ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ሥልጣንን የሚመኘው ምን ዓይነት ሰው ይሆናል?

የአፋፏ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ውጭ ናት። የምክር ቤት ሠራተኛ አይደለችም፣ የድርጅት ተቀጣሪም አይደለችም። ባለጉዳይ ናት። ባለጉዳይን የሚጠብቅ የትንኮሳ ሕግ የለም።

የወንጀል ሕጉስ? ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር፤ ያ ነውር መወገዱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለዚያ የታገሉት ሴቶች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ወደ አንቀጽ 625 ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ይህ አንቀጽ የሴትን ችግር ወይም በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ ግንኙነት የሚፈጽምን ሰው ይመለከታል። አሳዳሪ፣ አስተማሪ፣ አሠሪ ይላል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። በአንቀጽ 665 መሠረት ግን በግ የሰረቀ ሰው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ የተመኙት ወይም ያፌዙት ስለ ሆድ ነበር፤ የሰው ልጅ ገላ በምሳሌው ውስጥ እንደሚገባ አላሰቡም።

ሕጉ ቢኖርም ተናጋሪ ያስፈልገዋል፤ ተናጋሪዋን ደግሞ ባህላችን ራሱ ያስፈራታል። ይህን የምንለው የራሳችንን አገር ለማዋረድ አይደለም። ዘጌ በሥርዓት የኖረ አገር ነው። በሬ አይጠመድበትም፣ ጫካው አይመነጠርም የተባለውን ሥርዓት ጌታም ሎሌም እኩል ስለጠበቁት ቡናው ዛሬም በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ሽምግልናም ከዚያ ሥርዓት አንዱ ነው፤ የድንበር ጠብ፣ የጋብቻ ቅያሜ፣ የደም ነገር እንኳ በሽማግሌ በርዷል። ነገር ግን ሽማግሌ ወደ ተደፈረች ልጅ ቤት ሲላክ የሚያበርደው ምንድነው? «ስሟ እንዳይጠፋ» ይባላል፤ የሚጠበቀው የእሱ ስም ነው። «ገመና ነው» ይባላል፤ ገመናው የማን እንደሆነ አይጠየቅም። ልጅቱ በተቀመጠችበት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባልላታል፤ እሷም የምታውቀውን ይዛ ትቀመጣለች። የተላኩት ሽማግሌዎች ደጎች መሆናቸውን እናውቃለን። የላካቸው ባለሥልጣን ሲሆን ግን እምቢ ማለት ለአባትየው የማዳበሪያ፣ የመሬት ደብተር፣ የልጅ ሥራ ጉዳይ ይሆንበታል። ያ ዕርቅ ዕርቅ አይባልም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ በባሕር ዳር የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ መገደሏን ታስታውሳላችሁ። ጥፋተኛው 25 ዓመት ተፈረደበት። አገሩ ሁሉ የሰማው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እናትየዋ ወጥታ ስለተናገረች ነው፤ ልጇን ካጣች በኋላም በሰላም መኖር እንዳልቻለች ተናገረች። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስፍሮ ፍትሕ ጠየቀ። ያ ሰው የምክር ቤት ወንበር አልነበረውም፤ ባልደረቦቹ የሚሰጡት ፈቃድ አልነበረም፤ ሽማግሌ የሚልክበት ቢሮ አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ እናትየዋ ያየችውን አየች። ባለ ወንበር ቢሆን ኖሮስ?

ለእንደነዚህ ያሉ ሴቶች ጠበቃ ሆነው የቆሙትም አልተረፉም። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ፣ መንግሥት ለአንዲት ተበዳይ ጥበቃ አላደረገም ብሎ በአደባባይ ስለተናገረ፣ ከተቋቋመበት ዓላማ ውጭ ሄደሃል ተብሎ በፍትሕ ሚኒስቴር ታገደ። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ቢነሣም ትምህርቱ ለሁሉም ደረሰ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ደግሞ በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ፤ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎች ተዳከሙ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተለውጧል። የአሥር ዓመት ዝምታ ግን በአዋጅ አይመለስም፤ በዚያ አሥር ዓመት አቤት ያላለች ሴት ዛሬ ማስረጃዋም ጉልበቷም የለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የፓርላማዎች ኅብረት በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ባወጣው ጥናት ከ50 የአፍሪካ አገሮች 224 የምክር ቤት ሴቶችን፣ አባላትንና ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር፤ ከአባላቱ መካከል 39 በመቶ የሚሆኑት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እነዚህ ሕግ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። በእኛም ምክር ቤት በ2013ቱ ምርጫ የሴቶች ቁጥር ከ40 በመቶ በላይ ደርሷል፤ በየመድረኩ ይነገርለታል፣ ሊነገርለትም ይገባል። ወንበር መቁጠር ግን አንድ ነገር ነው፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን መጠበቅ ሌላ።

አሁን የሚከብደውን ጥያቄ እንመልስ። «ይህ ነገር ተቃዋሚን ማጥፊያ አይሆንም ወይ? ነገ በእናንተው እጩ ላይ አንዲት ሴት ገንዘብ ተሰጥቷት ብትመጣስ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሴኔጋል የሆነውን አይተናል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የሴኔጋል ብሔራዊ ምክር ቤት የተቃዋሚውን መሪ የኡስማን ሶንኮን ያለመከሰስ መብት አነሣ። አንዲት የማሳጅ ቤት ሠራተኛ ደፍሮኛል ብላ ከስሳው ነበር፤ እሱ ደግሞ ከምርጫ ሊያስወጡኝ የተሸረበ ሴራ ነው አለ። በተያዘ ጊዜ በተነሣው ሁከት ከ10 ሰው በላይ ሞተ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከአስገድዶ መድፈር ክስ ነፃ አውጥቶ «ወጣትን በማባለግ» ሁለት ዓመት ፈረደበት፤ እንደገና ደም ፈሰሰ። በ2016 ዓ.ም. በምሕረት አዋጅ ተፈታ፤ ወዲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እውነቱ የትኛው ነው? የሴኔጋል ሕዝብ እስከ ዛሬ በሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። ለዚህ ያበቃው ፈቃዱን የሰጠው የተከሳሹ ተቀናቃኞች የሞሉበት ምክር ቤት መሆኑ ነው። ሰውየው ንጹሕ ቢሆን ንጽሕናውን የሚያምንለት ጠፋ፤ ሴትየዋ እውነተኛ ብትሆን እውነቷን የሚያምንላት ጠፋ። እሷን በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚህ የምንማረው ክሱ አይሰማ የሚለውን አይደለም። ሰሚው ከፓርቲ የራቀ ይሁን የሚለውን ነው። በእንግሊዝ አገር በ2010 ዓ.ም. ክረምት የምክር ቤት ሠራተኞች በአባላት ላይ አቤቱታ የሚያቀርቡበት ራሱን የቻለ አሠራር ተዘረጋ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቅጣቱን የሚወስነው ከምክር ቤት አባላት ውጭ የሆነ የባለሙያዎች ጉባኤ እንዲሆን ተደረገ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በከባድ የወሲብ ወይም የኃይል ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ አባል እንደ አደጋው መጠን ከምክር ቤቱ ግቢ እንዲርቅ ሲወሰን ድምፁ 170 ለ169 ነበር። በአንድ ድምፅ! የፓርላማ እናት በምትባለው አገር እንኳ ተመራጭ ራሱን ለመቅጣት እጁን የሚያወጣው እንዲህ እየጎተተ ነው።

ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንን ብንደብቅ እናንተም ታውቁብናላችሁ። ባለፉት ዓመታት በአንዱ የከተማ ኮሚቴያችን ውስጥ አንዲት የወጣቶች ክንፍ አባል በአንድ አመራራችን ላይ አቤቱታ አቀረበች። ምን አደረግን? «ምርጫው ይለፍ» አልን። «ለገዥው ፓርቲ መሣሪያ አንስጥ» አልን። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ልከን እንድትታገሥ አስመከርናት። ምርጫው አለፈ፤ ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ ተመደበ፤ እሷ የአባልነት መታወቂያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ዛሬ የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለችም። ሰውየው ከፓርቲያችን የወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሌላ ምክንያት ነው። ከላይ በገዥው ፓርቲ ላይ የጻፍነውን ሁሉ እኛም በትንሽ ሥልጣናችን አድርገነዋል። ይህን ገጽ ከማኒፌስቶው ያላወጣንበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ ከተመረጥን የምንታገልለት ይህ ነው። ሕገ መንግሥት ማሻሻል ረጅም መንገድ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገ ጠዋት አንቀጽ 54ን እንለውጣለን ብለን አንዋሻችሁም። ምክር ቤት ግን የራሱን የአሠራርና የሥነ ምግባር ደንብ በራሱ ድምፅ ማሻሻል ይችላል። በደንቡ ውስጥ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት በስማቸው ተጠርተው እንዲገቡ፤ ጥበቃው ለምክር ቤት ሠራተኛ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለፓርቲ አባልና ከሁሉ በላይ ለባለጉዳይ እንዲደርስ እንጠይቃለን። አቤቱታ ተቀባዩ ከምክር ቤቱ ውጭ የሚቀመጥ አካል ይሁን። በጡረታ ያሉ ዳኛ፣ ሴት የሕግ ባለሙያና ሐኪም ቢኖሩበት፣ አንዳቸውም የፓርቲ አባል ባይሆኑ እንመርጣለን። ዓቃቤ ሕግ ያለመከሰስ መብት እንዲነሣ ሲጠይቅ ይህ አካል አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ በግልጽ ድምፅ ይወስን፤ ማን እጁን እንዳወጣና እንዳላወጣ በስም ይመዝገብ። መራጩ የወኪሉን እጅ ማየት አለበት።

የተከሰሰውም ሰው ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል፤ እኛም እንሰጠዋለን። ክስ እስኪመሠረት ስሙ በአደባባይ አይወጣ፤ የእሷ ስም ደግሞ መቼም አይወጣ። ደመወዙ አይቋረጥ፤ አቤት ካለችው ሴት ጋር ከሚያገናኘው ኮሚቴና ቢሮ ግን ይራቅ። አውቆ በሐሰት የሚከስን የሚቀጣ ሕግ ዛሬም አለ፤ ስለዚህ አዲስ ማስፈራሪያ አንጨምርም።

አንቀጽ 625ን በተመለከተ በመካከላችን ክርክር ነበር። ክሱ ያለ ተበዳይዋ አቤቱታ በመንግሥት ይቅረብ የሚሉ ጓዶች ነበሩ። አብዛኞቻችን አልተስማማንም፤ ያልፈለገች ሴት በፖሊስ ተጎትታ ፍርድ ቤት ብትቆም ሁለተኛ ጥቃት ነውና። አቤቱታዋን ግን በራሷ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን በመረጠችው ከተማ እንድታቀርብ፣ ቅጣቱም ጥፋተኛው የሕዝብ ሥልጣን የያዘ ሲሆን ወደ ጽኑ እስራት ከፍ እንዲል እንሠራለን። በሥልጣን የተጠየቀ ገላ ጉቦ መሆኑም በጸረ ሙስና ሕጋችን ውስጥ በማያሻማ ቃል ይጻፍ። የዚህ ዓይነት ወንጀል በሽምግልና ተዘግቷል ተብሎ መዝገቡ እንዳይዘጋም እንጠይቃለን፤ ሽማግሌዎቻችን ከዚህ ሸክም ቢገላገሉ ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በመጨረሻም በእጃችሁ ያለ አንድ መብት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከወንበሩ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ይህን መብት ሲሠራበት አላያችሁም፤ ሥርዓቱ እንዳይታወቅ አድርጎ አስቀምጦታልና። እኛ እጩዎቻችንን ከመመዝገባችን በፊት አንድ ወረቀት አስፈርመናቸዋል። ተመርጠው ሳለ ነፃው አካል የጾታዊ ጥቃት አቤቱታ ለክስ ይበቃል ካለባቸው፣ ያለመከሰስ መብታቸው እንዲነሣ ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ ጥፋተኛ ከተባሉ መራጩ ሳያባርራቸው ወንበሩን ይለቃሉ። ያልፈረሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እጩዎቻችን አይደሉም። የተፈረመው ወረቀት ቅጂ በባሕር ዳርና በአፋፍ የምርጫ ጽሕፈት ቤቶቻችን በር ላይ ተለጥፏል፤ መጥታችሁ አንብቡ።

የሌሎች ፓርቲዎች እጩዎችም ለቅስቀሳ ወደ ደጃችሁ ይመጣሉ። ከገዥውም ይሁን ከተቃዋሚው፣ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ሳለ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «አንተ ብትከሰስ፣ ልጄ ለማን አቤት ትበል?» ስለ መንገድና ስለ መብራት ማውራት ከጀመረ፣ ጨርሶ ሲያበቃ ጥያቄውን ድገሙለት።